የእማዬ ወፍጮ ለምን ኩሽኔታ ይበላል?

ረቡዕ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም ነው፣ ነገ የሐሙስ ገበያ ስለሆነ ጂማ ያለው የወፍጮ ቤታችን በረንዳ ላይ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ላይ ተደራርቧል፣ በቆሎ ያመጣ አለ፣ ጤፍ ያመጣ አለ፣ ከቦዬ በኩል የመጡ አንዲት እናት ደሞ ለመርቃ (ለገንፎ) ሚሆን ገብስ ይዘው እማዬ ጎን ቁጭ ብለው ወሬ ይዘዋል። እኔ ከቢሮ ወጥቼ ሚዛን ላይ ልረዳ ገና መግባቴ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አደለም በእግሬ ነው፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከዛ ቺንጋው በኩል ጉርርር የሚል ድምፅ መጣ። ድንጋዩ እህል ሲፈጭ ያለው ድምፅ አለ አይደል፣ እሱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው ተኝቼም እለየዋለሁ፣ ይሄ እሱ አልነበረም። ይሄ ብረት ብረትን ሲበላ ነው።

«እማዬ አጥፊው!» አልኳት።

«ደሞ?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም፣ ሄዳ ብሬከሩን መታችው። ድንጋዩ ቀስ እያለ ቆመ፣ በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ካለፈው መስከረም ወዲህ ያው ቦታ ላይ ያው ኩሽኔታ፣ ማለትም የሚዞረውን የብረት ዘንግ የሚይዘው ባለ ብይ ቀለበት፣ ሲሄድ ይሄ 3ኛው ነበር። ወንድሜ ጋሪ ጠርቶ የሰዉን እህል ቆጪ በኩል ወዳለው ሌላ ወፍጮ ቤት አመላለሰው፣ የጋሪውን ሂሳብ እማዬ ከፈለች፣ የቦዬዋ እናት በኦሮምኛ «ገለቶሚ» ብለው አመስግነውኝ ሲሄዱ እኔ ያደረኩት ነገር ስለሌለ በጣም ነው የከበደኝ። ሐሙስን ያጣ ወፍጮ ቤት ሳምንቱን አጣ ማለት ነው፣ ጂማ ያለ ሰው ይሄን ያውቃል።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ወፍጮ ላላቸው፣ ቡና መፈልፈያ ላላቸው፣ ባጠቃላይ ቺንጋ የሚያዞረው ሻፍት (የብረት ዘንግ) ያለው ማሽን ላላቸው ሰዎች ነው፣ ምክንያቱም እኛ 3 ጊዜ ገንዘብ ከፍለን 3 ጊዜም ያው ስህተት ላይ ነው የወደቅነው፣ ስህተቱ ደሞ ካወቃችሁት በኋላ በዓይን የሚታይ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የድንጋይ ወፍጮ ነው፣ አንዱ ድንጋይ ቆሞ አንዱ ይዞራል፣ የሚዞረው ድንጋይ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሻፍት ላይ ነው የታሰረው። ሞተሩ ባለ 3 ፌዝ ሆኖ በደቂቃ 1450 ዙር ይላል፣ ሞተሩ ላይ ያለው ፑሊ (ቺንጋው የሚያርፍበት ክብ ብረት) 15 ሳንቲም ነው፣ ሻፍቱ ላይ ያለው 40 ሳንቲም፣ ስለዚ 1450ን በ15 አባዝታችሁ ለ40 ስታካፍሉት ድንጋዩ በደቂቃ ወደ 540 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሻፍቱን 2 ኩሽኔታ ነው የሚይዘው፣ አንዱ ድንጋዩ አጠገብ የወፍጮው አካል ውስጥ ነው፣ ሌላው ከፑሊው ወዲያ ዳር ላይ ለብቻው በተሰራ የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ነው። ድንጋዩን የምናጠብቅበት ብሎን ግፊት ሌላ ኩሽኔታ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እሱ ምንም ሆኖ አያውቅም። ሁሌ የሚሞተው ያ ዳር ያለው ነው። የውስጠኛው አንድም ቀን አልተቀየረም፣ ይሄ ራሱ ነገር እየነገረን ነበር፣ እኛ ነን ያልሰማነው።

እስከዛሬ ሲበላሽ የምንጠራው አንድ ልጅ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ሰነፍ ልጅ አደለም፣ በተጠራ በ1 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፣ አሮጌውን ያወጣል አዲሱን በመዶሻ ያስገባል ቺንጋውን ጥብቅ አድርጎ ይወጥራል ይሄዳል። ለ3 ወር ለ4 ወር ይሰራል ከዛ ደግሞ ይጮሃል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና እሱ በህይወት እያለ ይሄ ወፍጮ በኩሽኔታ ምክንያት ቆሞ አላውቅም፣ ድንጋይ ለመውቀር ነው የሚቆመው። እሱ ካረፈ 4 ዓመት ሆነው። ስለዚ ያን ቀን ማታ እማዬን «አሁን ማንንም አንጠራም፣ ነገ ከስራ ፈቃድ ወስጄ እኔ እራሴ እከፍተዋለሁ» አልኳት። «ተይ እስቲ ልጄ እጅሽን» አለች፣ ግን አልከለከለችኝም።

ሐሙስ ጠዋት። ከሁሉም በፊት ብሬከሩን አጥፍተን ፊውዞቹን አውጥቼ ኪሴ ከተትኳቸው። ይሄን በጣም ነው የምላችሁ፣ ብሬከር ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ወፍጮ ቤት ሰው የሚገባ የሚወጣበት ቦታ ነው፣ አንድ ሰው መብራት የጠፋ መስሎት ቢያበራው እጃችሁ ፑሊው ውስጥ ነው ያለው። ፊውዙ ኪሳችሁ ውስጥ ከሆነ ማንም አያበራውም። ነጠላ የለበሰ ሰውም ቺንጋ አጠገብ አይቁም፣ ማሽኑ ቆሞም ቢሆን አይልመድ።

ቺንጋዎቹን ለመፍታት የሞተሩን መወጠሪያ ብሎን ሳላላ አንድ ነገር አየሁ። ቺንጋው እንደ ክራር ጅማት ነው የተወጠረው፣ በአውራ ጣቴ ስጫነው አይነቃነቅም። እዚህ ላይ አንድ ሂሳብ አለ፣ እኔ ሂሳብ ሰራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል በጣም የገረመኝ፣ የብይ ኩሽኔታ እድሜ ከጭነቱ ጋር በኪዩብ ነው የሚቀንሰው። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን እድሜው ግማሽ አይሆንም፣ 8 ላይ ተካፍሎ 1 እጅ ነው የሚቀረው። ቺንጋ ከልክ በላይ በወጠራችሁ ቁጥር ያን ሁሉ ሚሸከመው ኩሽኔታው ነው። ለቪ ቺንጋ ልኩ በ2ቱ ፑሊ መሃል ባለው በየ1 ሜትሩ መሃሉን ገፋ ስታደርጉት ወደ 16 ሚሊ ሜትር እንዲገባ ነው፣ የኛ ርቀት 1 ሜትር ከ20 ስለሆነ 19 ሚሊ ሜትር አካባቢ መግባት ነበረበት። የኛ 5 እንኳን አይገባም።

የኩሽኔታውን ቤት፣ ማለትም ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ብረት፣ ክዳን በ24 ቁልፍ ፈትተን ስናነሳው ግሪሱ ጥቁር ሆኖ ዱቄት ተቀላቅሎበት እንደ ሊጥ ሆኗል። ዱቄት እና ግሪስ ሲቀላቀሉ አሸዋ ባይሆኑም ግሪሱን ያደርቁታል፣ የደረቀ ግሪስ ደሞ ምንም አይቀባም። ወንድሜ ክዳኑን በናፍጣ ሲያጥብ ጠራኝ፣ «ነይ እይ» አለኝ። ክዳኑ ውስጠኛ በኩል በምስማር ተጭሮ 1210 ይላል። የአባቴ 2 ቁጥር ነው፣ ጅራቷ ረዘም ያለች፣ ደብተሮቻችን ላይ ሁሉ የምናውቃት። የወጣው ኩሽኔታ ላይ ያለው ቁጥር ግን 6210 ነው።

ኩሽኔታው በማውጫ ነው የወጣው፣ ማውጫውን ከቶርኖ ቤቱ (ብረት በማሽን እያዞሩ ከሚቀርፁበት ቤት) ጋሼ ተውሰን። ማውጫ ከሌላችሁ ተውሱ፣ በመዶሻ ዙሪያውን እየመታችሁ አታውጡ፣ ሻፍቱን ታበላሹታላችሁ። ስናወጣው የሻፍቱ መቀመጫ ቦታ ያንጸባርቃል፣ እንደ መስታወት፣ ያ መጥፎ ምልክት ነው፣ የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ሻፍቱን ይዞ መዞር ሲገባው እየተንሸራተተ ለብቻው ሲዞር ነበር ማለት ነው። በካሊፐር ስለካው 49.8። 0.2 ሚሊ ሜትር ተበልቷል። ለዓይን ምንም አይመስልም፣ ለኩሽኔታ ግን ብዙ ነው።

ሻፍቱንም አሮጌውን ኩሽኔታም ይዘን ቶርኖ ቤት ሄድን። ጋሼ ከ40 ዓመት በላይ ብረት የሰሩ ሰው ናቸው፣ አባቴንም በደንብ ያውቁታል። ሻፍቱን አይተው «ይሄ ተሞልቶ ይታረጣል» አሉ፣ ማለትም በብየዳ ሞልተው ቶርኖ ላይ ወደ 50 ያመጡታል። አንዳንድ ቦታ ሻፍቱን በስለት ብረት ነጥብ ነጥብ እያረጉ ወግተው ኩሽኔታውን ያጣብቁታል፣ ጋሼ ይሄን አይወዱም፣ «ነጥቡ ሲበላ ተመልሶ ይላላል፣ የሰው ገንዘብ ነው» ነው ያሉት። ከብየዳ በኋላ ደሞ ሻፍቱ በሙቀት ሊጣመም ስለሚችል ቶርኖ ላይ አዙረው ቀጥ ማለቱን ሳያዩ አልሰጡንም።

ከዛ አሮጌውን ኩሽኔታ አነሱ። መነፅር አድርገው በግራይንደር የውጪውን ቀለበት ለ2 ቆረጡትና ከፍተው ሰጡኝ። «እይው ልጄ፣ መንገዱን እይው» አሉ። ብዮቹ ቀለበቱ ውስጥ ሲሽከረከሩ የሚተዉት መንገድ አለ፣ የደበዘዘ መስመር። ሻፍት እና ቤት ልክ ከሆኑ ያ መስመር መሃል ለመሃል ቀጥ ብሎ ዙሪያውን ይሄዳል። የኛ ግን ከአንዱ ጠርዝ ተነስቶ በተቃራኒው በኩል ወደ ሌላው ጠርዝ ሄዷል፣ ሰያፍ። ብዮቹን ለያይቶ የሚይዘው ቆርቆሮም ተሰባብሯል፣ ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ወደ ቡኒ ሰማያዊ ከለር ሄዷል፣ እሱ ሙቀት ነው። «ይሄ ኩሽኔታ አርጅቶ አልሞተም፣ ተጣሞ ነው የሰራው» አሉኝ። እውነት ለመናገር እዛ ቆሜ ልቤ ተነካ፣ በአንድ ዓመት 3 ጊዜ ከፍለናል፣ ከዚህ በፊት የወጡትን አሮጌ ኩሽኔታዎች ግን ከፍቶ ያያቸው ሰው አልነበረም። መልሱ ውስጡ ተፅፎ ነበር።

እንግዲ ቁጥሮቹን እንያቸው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። የኩሽኔታ ቁጥር እንዲሁ የተሰጠ አደለም፣ ይነበባል። የመጨረሻዎቹ 2 ቁጥሮች በ5 ሲባዙ የቀዳዳውን ስፋት ይሰጧችኋል፣ 10 በ5 ሲባዛ 50 ሚሊ ሜትር፣ 08 ከሆነ 40፣ 06 ከሆነ 30። ይሄ ከ04 ጀምሮ ነው የሚሰራው፣ ከሱ በታች ያሉት የራሳቸው አላቸው፣ 00 ማለት 10 ነው፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17። የመጀመሪያው ቁጥር ደሞ ዓይነቱን ይናገራል። 6 ሲሆን ባለ 1 ረድፍ ብይ፣ በየቦታው የምናየው የተለመደው ነው። 1 ሲሆን ግን ባለ 2 ረድፍ ሆኖ ራሱን የሚያስተካክል ኩሽኔታ ነው። እና 6210 እና 1210 ሁለቱም 50 በ90 በ20 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ቀዳዳቸው እኩል፣ ውጪያቸው እኩል፣ ውፍረታቸው እኩል። አንዱ የአንዱ ቤት ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ውስጣቸው ግን በጭራሽ አይገናኝም።

6210 ሻፍቱ እና ቤቱ ከመስመር ሲወጡ የሚታገሰው በጣም ትንሽ ነው። 1 ዲግሪን 60 ቦታ ብትከፍሉት (አንዷ ክፍል ደቂቃ ትባላለች) ከዛ ውስጥ ቢበዛ 10ሯን ነው። 1210 ግን ከ2 ዲግሪ በላይ ይታገሳል፣ ምክንያቱም የውጪ ቀለበቱ ውስጠኛ ገፅ እንደ ኳስ ውስጥ ክብ ሆኖ የተሰራ ስለሆነ ብዮቹ እና የውስጥ ቀለበቱ አንድ ላይ ወዲህ ወዲያ ማለት ይችላሉ። አዲሱን በእጃችሁ ብትይዙት የውስጡን ቀለበት በጣታችሁ ገፋ ስታደርጉት እንደ ዓይን ይገለበጣል። መጀመሪያ ሳየው የተበላሸ ነበር የመሰለኝ።

ስለዚህ ኩሽኔታ ማታ ላይ ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ እንቅልፍ ነው የነሳኝ። የፈጠረው ስቬን ቪንግክቪስት የሚባል የስዊድን መሃንዲስ ነው፣ በ1907 እ.ኤ.አ.፣ ጎተንበርግ ከተማ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይሰራ ነበር። ፋብሪካው ያረፈው ሸክላ አፈር ላይ ስለነበር መሬቱ እየተንቀሳቀሰ የፋብሪካው ማሽኖች የሚዞሩባቸው ረጃጅም ሻፍቶች ከመስመር ይወጣሉ፣ ኩሽኔታዎቹም ቶሎ ቶሎ ይሰበራሉ። ሰውየው መሬቱን ማቆም ስለማይችል መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ የሚንቀሳቀስ ኩሽኔታ ሰራ። በዛው ዓመት ኤስኬኤፍ የሚባለው ድርጅት በዚሁ ኩሽኔታ ላይ ተመሰረተ፣ መንገድ ላይ የምናያቸው ቮልቮ መኪናዎችም መነሻቸው እዛው ድርጅት ውስጥ ነው፣ ቮልቮ የሚለው ስም እራሱ በላቲን እሽከረከራለሁ ማለት ነው። እና እኔ ጂማ ውስጥ ነሐሴ ዝናብ ላይ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይሄን ሳነብ የሰውየው ችግር የኛ ችግር ነው። የኛም ወፍጮ ቤት ከሥሩ ጥቁር አፈር ነው፣ ክረምት ይነፋል በጋ ይሰነጠቃል።

አርብ ጠዋት የውሃ ልክ ይዘን ገባን። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ውሃ ሞልተን አንዱን ጫፍ ድንጋዩ አጠገብ ካለው ኩሽኔታ መሃል፣ ሌላውን ዳር ካለው መቀመጫ ጋር አስተካክለን ስንይዘው ዳር ያለው መቀመጫ 6 ሚሊ ሜትር ወርዷል። በ2ቱ ኩሽኔታ መሃል ያለው ርቀት 60 ሳንቲም ነው፣ 6 ሚሊ ሜትር በ60 ሳንቲም ላይ ከግማሽ ዲግሪ ይበልጣል፣ ወደ 34 ደቂቃ ነው። 6210 የሚችለው 10 ነው ብያችኋለሁ። ምስኪኑ ከሚችለው 3 እጥፍ በላይ ተጣሞ ነው ሲዞር የከረመው።

ለምን ወረደ? በር ከፍቼ ወጥቼ ከግድግዳው ውጪ ያለውን ማዕዘን አየሁት። አሸንዳው ከመጋጠሚያው ተላቋል፣ የጣራው ውሃ በሙሉ ልክ ያ መቀመጫ ካለበት ማዕዘን ሥር ነው የሚወርደው፣ መሬቱ ተቦርቡሮ ትንሽ ጉድጓድ ሆኗል። የጂማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ የበልጉም የክረምቱም ተያይዞ ነው የሚዘንበው። አሸንዳው መቼ እንደተላቀቀ እማዬን ስጠይቃት «አባትሽ ነበር በየዓመቱ የሚያስረው» አለች።

ኩሽኔታውን ፍለጋ ሐሙስ ከሰዓት ሄርማታ መርካቶ በኩል 3 ሱቅ ገብቼ ነበር። 3ቱም ጋር 6210 አለ፣ 1210 የለም። አንዱ ልጅ «እህቴ ልኩ እኮ አንድ ነው፣ ደሞ 6210 የበለጠ ይሸከማል፣ ይሄኛው ጎማም አለው አቧራ አያስገባም» አለኝ። ውሸት አልነገረኝም። 6210 በእርግጥ ከ1210 የበለጠ ክብደት ይሸከማል፣ በ2 ጎን ጎማ ያለው ዓይነትም ለዱቄት ቦታ ጥሩ ነው። ያ ጥገና ሚሰራልን ልጅም ይሄንኑ አስቦ ይሆናል የቀየረው፣ ክፋት የለውም። ሻፍቱ ቀጥ ብሎ ቢሆን ኖሮ 6210 እንደውም ይሻል ነበር። ግን ሻፍታችን ቀጥ ብሎ አያውቅም፣ አባቴ ይሄን ያውቅ ነበር፣ ለዛ ነው ክዳኑ ላይ የጫረው።

አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ሄዳ አግኝታ ገዛችልኝ፣ አርብ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ላከችው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥቶ ከሰዓት በኋላ እጄ ገባ። ፎርጅድ እንዳይሆን ቀለበቱ ላይ ያለው ፅሁፍ ጥርት ብሎ የተቀረፀ መሆኑን፣ ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑን፣ በእጅ ሲዞር ምንም ሳይቆራረጥ መሄዱን አየሁ። ወረቀቱን እስከምትገጥሙበት ደቂቃ ድረስ አትቅደዱት፣ በወፍጮ ቤት አየር ውስጥ 10 ደቂቃ ክፍት ቢቀመጥ ዱቄት ይጠግባል።

ቅዳሜ ገጠምነው። ከሱ በፊት ግን አሸንዳው፣ እሱን ወንድሜ አርብ ማታ እየጨለመ በላሜራ እና በብሎን አሰረው፣ ውሃው አሁን ወደ ቦዩ ነው ሚሄደው። ከዛ ከኩሽኔታው ቤት እግር ሥር 6 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ቆርጠን አስገባን፣ በቱቦ ውሃ ልክ ደግመን ለካነው፣ 1 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ልዩነት ቀረች፣ እሷን በስስ ላሜራ አስተካከልናት። ራሱን የሚያስተካክል ኩሽኔታ አለን ብለን ጠማማውን ዝም ብለን መተው አልፈለኩም፣ ምክንያቱም ኩሽኔታው ቢችለውም ፑሊው ጠማማ ከሆነ ቺንጋው በአንድ ጎን ይበላል። ፑሊዎቹን በሲባጎ አየናቸው፣ ሲባጎው ወጠር ተደርጎ በ2ቱም ፑሊ ፊት ላይ ሲያልፍ 4ቱንም ጠርዝ እኩል መንካት አለበት፣ የኛ ሞተር ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት ነበረበት፣ አስገባነው።

ኩሽኔታውን ሻፍቱ ላይ ያስገባነው በሙቀት ነው። የማይበላበት አሮጌ ድስት ውስጥ ዘይት አድርገን ከሰል ላይ ጣድነው፣ ኩሽኔታውን በሽቦ አንጠልጥለን ከታች ድስቱን ሳይነካ ነከርነው፣ ጓደኛዬ በላከችልኝ ቴርሞሜትር 100 ዲግሪ ላይ ሲደርስ አወጣነው። ከ120 በላይ መሄድ የለበትም፣ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። በእሳት ላይ በቀጥታ ማድረግማ አይታሰብም። 80 ዲግሪ ሲጨምርለት 50 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀዳዳ ወደ 0.05 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ቀጭን የፀጉር ውፍረት ማለት ነው፣ ያቺ ትበቃለች። ወፍራም ጓንት አድርጌ አንስቼ ሻፍቱ ላይ ሳሳርፈው ያለምንም መዶሻ ሰተት ብሎ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ እስኪቀዘቅዝ ገፋ አድርጌ ያዝኩት፣ ከዛ ያዘ። ያችን ደቂቃ አልረሳትም። ይሄን የማድረግ እድል ከሌላችሁና በመዶሻ ከሆነ ግድ፣ ልክ የውስጥ ቀለበቱን ብቻ የሚነካ ቱቦ ብረት አስደግፋችሁ ምቱት። የውጪውን ቀለበት ከመታችሁት ምቱ በብዮቹ በኩል ነው ሚያልፈው፣ ቀለበቱ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ገና ሳይሰራ ታመመ ማለት ነው።

1210 ጎማ የሌለው ክፍት ኩሽኔታ ስለሆነ ዱቄቱን የሚከለክለው ቤቱ ላይ ያለው የሱፍ መድፈኛ ነው። የኛ መድፈኛ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር፣ አዲስ ወፍራም ሱፍ ጨርቅ ቆርጠን ዘይት ውስጥ ነክረን በ2ቱም ጎን አስገባን። ግሪሱን ደሞ ኩሽኔታውን ሞልተን የቤቱን ባዶ ቦታ ግን ከ1 ሶስተኛ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው ያደረግነው። ብዙ ግሪስ ጥሩ ይመስላል፣ ግን የሚሄድበት ሲያጣ እየተቦካ ይሞቃል። አሮጌውን ግሪስም ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ፣ 2 ዓይነት ግሪስ ሲቀላቀል ሊቀጥን ይችላል።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፊውዞቹን ከኪሴ አውጥቼ መለስኩ። እማዬ ብሬከሩን ራሷ ነው ያበራችው። ባዶውን ለ10 ደቂቃ አዞርነው፣ ከዛ የራሳችንን በቆሎ ጨመርን። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን የኩሽኔታው ቤት ላይ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩት፣ ፀጉሬን በሻሽ ጥብቅ አድርጌ አስሬ፣ ከቺንጋው በተቃራኒ ጎን ቆሜ፣ ሹክክክ የሚል ወጥ ድምፅ ነው፣ ቋ የሚል ነገር የለም። ከ1 ሰዓት በኋላ ቤቱን በእጄ ነካሁት፣ ሞቅ ብሏል፣ እጄን እንደያዝኩ ግን መቆየት እችላለሁ። ወለሉ አይንቀጠቀጥም። እማዬ ከቋቱ ዱቄት በጣቷ አንስታ አሸት አሸት አድርጋ «ሙቀቱ ቀንሷል» አለች፣ ዱቄቱን ማለቷ ነው፣ ለካ ሻፍቱ ሲጣመም ድንጋዩም አንድ ጎን እየከበደው ዱቄቱን ያሞቀው ነበር። ይሄን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ያ መቀመጫ ግን እንደዚሁ አይቀርም። በብረት ማንሳት ለጊዜው ነው፣ አፈሩ ገና እርጥብ ስለሆነ መስቀል ካለፈ በኋላ ሲደርቅ መልሶ ይንቀሳቀሳል። ጥቅምት ላይ አፍርሰን ጠለቅ አድርገን ቆፍረን በድንጋይ ሰፋ አድርገን አዲስ እንሰራዋለን፣ ከተሞላም በኋላ ሲሚንቶው እስኪጠና ቢያንስ 1 ሳምንት ሳንነካው መቆም አለብን፣ የትኛው ሳምንት እንደሚሆን ከእማዬ ጋር እየተከራከርን ነው።

ማውጫውን ለጋሼ ልመልስ ስል ቆጪ ያሉት ወፍጮ ቤት፣ ሐሙስ የኛን እህል የፈጩልን፣ የነሱም ዳር ያለው ኩሽኔታ መጮህ ጀምሯል ብለው ላኩብኝ። ጋሼን አስፈቅጄ ማውጫውን ወሰድኩላቸው፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አብረን እንከፍተዋለን፣ የውሃ ልክ ቱቦውንም ይዤ ነው የምሄደው።